ሲጋራን ከሌላ ሰው ጋር ማቆምና ገንዘቡን መቆጠብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሲጋራ ለማቆም የወሰነ ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገሮች ይጎድሉታል። አንደኛው ሐራራው በተነሣበት ደቂቃ የሚያናግረው ሰው ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ በማቆሙ ያገኘውን ጥቅም በዓይኑ የሚያይበት መንገድ ነው። የሳንባ መጽዳት አይታይም፤ ሊመጣ የነበረ የልብ ሕመም ሳይመጣ መቅረቱም ለማንም አይሰማውም። አብሮ የሚያቆም ሰውና በየዕለቱ ለብቻው የሚቀመጥ ገንዘብ ግን ይታያሉ። እኔ ራሴ ለ16 ዓመታት አጭሻለሁ። ሁለት ጊዜ ለብቻዬ ሞክሬ ካገረሸብኝ በኋላ፣ በሦስተኛው ሙከራ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር አቆምኩ። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች ደጋግመው የጠየቁኝ ናቸው።

ከሰው ጋር ማቆም በእርግጥ ለውጥ ያመጣል? ወይስ ሁሉም የራስ ቁርጠኝነት ጉዳይ ነው?

ለውጥ ያመጣል። ሲጋራ ከመነሻውም የብቻ ልማድ አይደለም፤ ብዙ አጫሾች የመጀመሪያዋን ሲጋራ የተቀበሉት ከሰው እጅ ነው፣ በቀን ውስጥ የሚያጨሱባቸው ሰዓቶችም ከእገሌ ጋር ከመውጣት፣ ከእገሊት ጋር ከመቀመጥ ጋር የተያያዙ ናቸው። ስለዚህ ማጨስ ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ ሁሉ ማቆምም ይተላለፋል። ኒኮላስ ክሪስታኪስና ጄምስ ፋውለር የተባሉ ተመራማሪዎች፣ በአሜሪካ ፍራሚንግሃም ከተማ ለአሥርት ዓመታት ሲካሄድ በቆየው የልብ ጤና ጥናት ላይ ተመሥርተው፣ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 2003 ድረስ የ12,067 ሰዎችን የማጨስ ሁኔታና የእርስ በርስ ግንኙነት መርምረው ውጤቱን በ2008 አሳትመዋል። በዚያ ጥናት የትዳር ጓደኛ ሲያቆም የሌላው የማጨስ ዕድል በ67 በመቶ፣ ጓደኛ ሲያቆም በ36 በመቶ፣ ወንድም ወይም እኅት ሲያቆም ደግሞ በ25 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። የሚተዋወቁ ሰዎች አንድ በአንድ ሳይሆን በቡድን በቡድን ሆነው ሲያቆሙም ታይቷል።

በእንግሊዝ አገር ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ጥንዶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት ደግሞ ልዩነቱን ይበልጥ ያጎላዋል። የትዳር ጓደኛቸው ማጨሱን ከቀጠለባቸው ሰዎች መካከል ያቆሙት 8 በመቶ ያህሉ ብቻ ሲሆኑ፣ የትዳር ጓደኛቸው በዚያው ጊዜ ካቆመላቸው መካከል ግን ግማሽ የሚሆኑት አቁመዋል። እዚህ ላይ የሚያስገርመው፣ የትዳር ጓደኛቸው ቀድሞውኑ የማያጨስ ሰዎች ያገኙት ውጤት አብረው ካቆሙት ጋር ሲነጻጸር ያነሰ መሆኑ ነው። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ አጫሽን የሚያግዘው ከሁሉ በላይ በዚያው ሳምንት በዚያው ችግር ውስጥ እያለፈ ያለ ሰው መሆኑን ነው።

ነገሩን ግን ማጋነን አይገባም። አንድን ዘመድ ወይም ጓደኛ «አይዞህ እንዲልህ» መመደብ ብቻውን ያን ያህል ለውጥ ማምጣቱ በጥናቶች በግልጽ አልታየም። በሠለጠነ ሰው የሚመራ የቡድን ምክክር ግን ጽሑፍ አንብቦ ለብቻ ከመሞከር በእጅጉ የተሻለ ውጤት እንዳለው በተደጋጋሚ ተረጋግጧል። ስለዚህ መደጋገፉ የታወቀ ሰዓት፣ የታወቀ ቀንና የታወቀ ስምምነት ሊኖረው ይገባል።

አብሮኝ የሚያቆመውን ሰው እንዴት ልምረጥ?

የቅርብ ወዳጅ መሆኑ ግዴታ አይደለም። እንዲያውም ለረጅም ጊዜ አብረን ስናጨስ የኖርነው ወዳጅ አንዳንድ ጊዜ ከሁሉም ይከብዳል፤ የወዳጅነታችን አንዱ ሰበብ ሲጋራው ራሱ ስለሆነ፣ ከሁለቱ አንዱ ሲደክም ሌላውን ይዞት መውደቁ ቀላል ነው። ከሁሉ በላይ ሦስት ነገሮችን ይመልከቱ፦ ሰውየው ለማቆም የወሰነው በራሱ ምክንያት መሆኑን፣ ስልክ ሲደወልለት የሚያነሣ መሆኑን፣ እንዲሁም ስህተቱን ሳይደብቅ የሚናገር መሆኑን። ሦስተኛው ከሁለቱ ይበልጣል። ማጨሱን የሚደብቅ አጋር ካለ ሁለታችሁም ለብቻችሁ ናችሁ ማለት ነው።

ከሁለት ሰው በላይ ብትሆኑም መልካም ነው። አራት ወይም አምስት ሰዎች ሲሰባሰቡ አንዱ ቢቋረጥ እንኳ የሚቀሩት እርስ በርስ ይያያዛሉ።

ማበረታታት ሲባል ምን ማለት ነው? ምን ብለን እንነጋገር?

በዚህ ጥያቄ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጥሩ ሐሳብ የነበራቸው ሰዎች የተበላሸባቸው እዚህ ላይ ነውና።

የሲጋራ ሐራራ ከባድ የሚሆነው ማለቂያ የሌለው ስለሚመስል ነው። ነገር ግን አንዱ የሐራራ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ አይቆይም፤ ይነሣል፣ ይበረታል፣ ከዚያ ባይጨስም ይሄዳል። ስለዚህ ከአጋርዎ የሚጠበቀው ስለ ካንሰር ማስተማር አይደለም፤ እነዚያን ደቂቃዎች አብሮ ማሳለፍ ነው። በሦስተኛው ቀን ማታ ያጋጠመኝን አልረሳውም። እጄ የኮቴን ኪስ ደጋግሞ ይፈትሽ ነበር፤ ኪሱ ባዶ መሆኑን እያወቅሁ ማለት ነው። ለባልደረባዬ «አሁን መጣ» የሚሉ ሁለት ቃላት ብቻ ላክሁለት። ወዲያው ደወለ። ስለ ሲጋራ አንዲት ቃል አላነሣም፤ «ከፊትህ ምን ይታይሃል?» አለኝ። መስኮት ላይ የተጠራቀመ የዝናብ ጠብታ እንዳለ፣ አንዱ ጠብታ ከሌላው ጋር ተገናኝቶ ወደ ታች እየወረደ እንደሆነ ነገርኩት። ከዚያ ስለ ቤቱ ጣሪያ ማፍሰስ አወራኝ። በመጨረሻ «ስንት ደቂቃ ሆነን?» ሲለኝ ሰዓቴን አየሁ፤ ሰባት ደቂቃ ሆኖናል፣ እጄም ኪሴን መፈተሹን ትቷል።

ከዚህ በመነሣት የምመክረው፣ ገና ከማቆሚያው ቀን በፊት አንድ አጭር የጥሪ ቃል እንድትስማሙ ነው። ሐራራ የያዘው ሰው ረጅም ማብራሪያ ለመጻፍ ትዕግሥት የለውም። ከዚህ በተጨማሪ ጠዋትና ማታ የታወቀ ሰዓት ይኑራችሁ፤ በጠዋቱ «ዛሬ ምን ያሰጋሃል?»፣ በማታው ደግሞ «እንዴት ዋልክ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። የጠዋቱ ጥያቄ ከማታው ይልቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም «ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከአለቃዬ ጋር ስብሰባ አለኝ» ያለ ሰው ያን ሰዓት አስቀድሞ ይዘጋጅበታል፣ አጋሩም በዚያ ሰዓት ስልኩን ቅርብ ያደርጋል።

ሊነገሩ የማይገባቸው ነገሮችም አሉ። «እኔ እኮ ምንም አልከበደኝም» ማለት አይረዳም። «ብታጨስ ተቀየምኩህ» ማለት ደግሞ መደበቅን ያስተምራል። ማስፈራራት፣ ማሽሟጠጥ፣ አፍ ማሽተት፣ እነዚህ ሁሉ አጋርን ወደ ተቆጣጣሪነት ይቀይሩታል፤ ሰው ደግሞ ከተቆጣጣሪ ይሸሻል።

የቁጠባው ስሌት እንዴት ነው?

በቀን አንድ ፓኮ፣ ማለትም 20 ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በዓመት 365 ፓኮ ወይም 7,300 ሲጋራ ያጨሳል። በአሥር ዓመት 73,000 ይሆናል። በቀን 10 የሚያጨስ ሰው ደግሞ በዓመት 3,650 ያጨሳል፤ ይህም ከ182 ፓኮ በላይ ነው። የሚገዙበትን ዋጋ በእነዚህ ቁጥሮች ያባዙ። በፍሬ የሚገዙ ከሆነ በፓኮው ዋጋ ሳይሆን በአንዱ ፍሬ ዋጋ ያስሉት፤ አንዱ ፍሬ ብዙውን ጊዜ ከፓኮው ድርሻው በላይ ስለሚሸጥ፣ ትንሽ እንደሚያወጣ የሚያስበው ሰው ብዙ ያወጣል። ለላይተሩ፣ ለከረሜላውና ለማስቲካው፣ በትርኳሹ ለተቃጠለው ልብስም ትንሽ ይጨምሩ። ሲጋራ ለመግዛት ወጥተው ሳያስቡት የሚገዙት ሌላ ነገርም ከወጪው ይቆጠራል።

ታዲያ ካቆምኩ ገንዘቡ በራሱ አይተርፍም?

አይተርፍም። ይህ እኔ ራሴ በሁለተኛው ሙከራዬ የሠራሁት ስህተት ነው። ሁለት ወር ሙሉ ሳላጨስ ቆይቼ ኪሴን ስፈትሽ ምንም የተለየ ነገር አላገኘሁም፤ የሲጋራው ገንዘብ በጥቂት በጥቂቱ በሌላ ወጪ ውስጥ ሰርጎ ጠፍቷል። «ይህን ሁሉ ችዬ ምን አተረፍኩ?» የሚለው ሐሳብ ያን ጊዜ ነው የመጣው፤ በዚያው ሳምንት አገረሸብኝ።

በሦስተኛው ጊዜ ገንዘቡን በየቀኑ ለየሁት። አፉ ሰፊ የሆነ ጠርሙስ መኝታ ክፍሌ ውስጥ አስቀመጥኩና፣ ድሮ የቀኑን ፓኮ በምገዛበት ሰዓት የፓኮውን ዋጋ ሳላጎድል እጨምርበት ጀመር። በወሩ መጨረሻ መጠቅለል ይቻላል ብሎ የሚያስብ ይኖራል፤ እኔ ግን በየቀኑ መሆኑን አጥብቄ እመክራለሁ፣ ምክንያቱም ሱሱ በየቀኑ ስለሚጠይቅ መልሱም በየቀኑ መሰጠት አለበት። በመጀመሪያው ሳምንት የጠርሙሱ ታች እንኳ በደንብ አልተሸፈነም ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ክዳኑ አልገጥም አለ። ያን ቀን የጠርሙሱን ፎቶ አንሥቼ ለባልደረባዬ ላክሁለት፤ እሱም የራሱን ላከልኝ፣ የእሱ ከእኔ ይበልጥ ነበር። ጥሬ ገንዘብ ቤት ማስቀመጥ የሚያሰጋዎ ከሆነ ለዚሁ ዓላማ ብቻ የሚሆን የባንክ ሒሳብ ይክፈቱና በየቀኑ በስልክዎ ያስተላልፉ፤ ሒሳቡ ግን ከዕለት ተዕለት ወጪዎ ሒሳብ የተለየ ይሁን።

ገንዘብ ማስያዝስ? ካጨስኩ ገንዘቤን እንዳጣ ብናደርገውስ?

ይህ ሐሳብ በተግባር ተሞክሯል። በፊሊፒንስ ሚንዳናኦ ደሴት ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት፣ አጫሾች ለስድስት ወራት በባንክ ገንዘብ እያስቀመጡ እንዲቆዩና በመጨረሻ የሽንት ምርመራ እንዲያደርጉ ቀረበላቸው፤ ሱስ የሚያስይዘው የሲጋራ ንጥረ ነገር፣ ኒኮቲን፣ ካልተገኘባቸው ገንዘባቸው በሙሉ ይመለስላቸዋል፣ ከተገኘባቸው ግን ለበጎ አድራጎት ይሄዳል። ዕድሉ ከቀረበላቸው ሰዎች መካከል የተቀበሉት 11 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያም ሆኖ ዕድሉ የቀረበለት ቡድን ካልቀረበለት ጋር ሲነጻጸር ምርመራውን ያለፉት በ3 የመቶኛ ነጥብ ያህል በለጡ፤ በዓመቱ ድንገተኛ ምርመራ ሲደረግም ልዩነቱ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ሽልማት የቀረበላቸው ሰዎች 90 በመቶ ያህሉ ሲቀበሉ፣ የራሳቸውን ገንዘብ እንዲያስይዙ ከተጠየቁት የተቀበሉት 14 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው።

ከዚህ የምንማረው፣ ገንዘብ ማስያዝ ለሚደፍር ሰው እንደሚሠራ፣ ብዙው ሰው ግን እንደማይደፍረው ነው። በግል ስትስማሙ የእኔ ምክር ቀለል ያለ ነው። አንድ ጊዜ በማጨስ ሙሉው ቁጠባ የሚጠፋበትን ውል አትግቡ። እንዲህ ያለ ውል ሁለት ጉዳት አለው፤ የተሳሳተው ሰው ገንዘቡን ለማዳን ሲል ይዋሻል፣ ወይም «አንዴ ከጠፋ ጠፋ» ብሎ ሙሉ ፓኮ ይገዛል። በምትኩ የዚያን ቀን መዋጮ እጥፍ አድርጎ ማስገባት ይበቃል። በዚህ መንገድ የተሳሳተበት ቀንም ጠርሙሱን ይሞላዋል፣ ሰውየውም ለመናገር አይፈራም።

ገንዘቡን በአንድ ላይ ብናጠራቅመው አይሻልም?

ይቻላል፤ ሆኖም የእያንዳንዱ ድርሻ በጽሑፍ ይመዝገብ፣ ገንዘቡም ከሁለታችሁ ፊርማ ውጭ የማይወጣ ይሁን። እኔ ለየብቻ ማስቀመጥን እመርጣለሁ። በገንዘብ የተነሣ ቅሬታ መደጋገፉንም አብሮ ያበላሸዋልና።

ሕመሙና ብስጭቱ ስንት ቀን ይቆያል?

ኒኮቲን ከተሳበ በኋላ በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል፣ ከደም ውስጥ ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ለዚህ ነው አጫሽ ከአንዱ ሲጋራ ወደ ሌላው ለመሄድ ብዙ የማይታገሠው። ካቆሙ በኋላ ብስጭት፣ መነጫነጭ፣ ትኩረት ማጣት፣ የእንቅልፍ መዛባትና የምግብ ፍላጎት መጨመር በመጀመሪያው ቀን ይጀምራሉ፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ገደማ ይበረታሉ፣ ከዚያም አብዛኞቹ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ይቀልላሉ። የምግብ ፍላጎቱ ከሌሎቹ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። የማቆሚያውን ቀን ስትመርጡ ሦስተኛው ቀን ከባድ ሥራ ወይም ግብዣ ላይ እንዳይውል አስቡበት። ለቤተሰብም አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ የቤት ሰው ብስጭቱ በእሱ ላይ እንዳልሆነ ካወቀ ይታገሣል።

ሲጋራ ጭንቀት ያስታግሳል ብለው የሚያምኑ ሰዎች በዚህ ጊዜ «እነሆ፣ ካላጨስኩ እጨነቃለሁ» ይላሉ። ሲጋራው የሚያስታግሰው በአብዛኛው እሱ ራሱ ያመጣውን የኒኮቲን እጦት ነው። ካቆሙ ሳምንታት ያለፏቸው ሰዎች ጭንቀታቸውና ድብርታቸው ከማጨሳቸው ዘመን ይልቅ ቀንሶ እንደሚገኝ ጥናቶች አሳይተዋል።

በአንድ ጊዜ ማቆም ይሻላል ወይስ ቀስ በቀስ መቀነስ?

በአንድ ቀን ማቆም። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት ሁለቱም ወገኖች መድኃኒትና ምክር እየተሰጣቸው፣ በአንድ ጊዜ ያቆሙት 49 በመቶ፣ ለሁለት ሳምንት እየቀነሱ ያቆሙት ደግሞ 39 በመቶ ያህሉ በአራተኛው ሳምንት ሳያጨሱ ተገኝተዋል። ለሁለት ሰዎች ደግሞ በአንድ ጊዜ ማቆም ሌላ ጥቅም አለው፦ ቀኑ አንድ ስለሚሆን ቆጠራውም አንድ ይሆናል። ከማቆሚያው ቀን ዋዜማ መተርኮሻውን፣ ላይተሩንና በየኪሱና በየመሳቢያው የቀረውን ሲጋራ በሙሉ አስወግዱ። አንዱ የሌላውን ቤት ቢፈትሽ ይመረጣል፤ ባለቤቱ የረሳውን ሌላው ያገኘዋል።

መድኃኒት መውሰድ ድክመት አይሆንም? ወጪውስ ቁጠባውን አይበላብንም?

ድክመት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ትንባሆ ማቆምን በተመለከተ ባወጣው መመሪያ የኒኮቲን ምትክ ሕክምናን፣ እንዲሁም ቫሬኒክሊን፣ ቡፕሮፒዮንና ሳይቲሲን የተባሉትን የሚዋጡ መድኃኒቶች ከምክር አገልግሎት ጋር አጣምሮ መጠቀምን ይመክራል። የኒኮቲን ምትክ ማለት ቆዳ ላይ የሚለጠፍ፣ የሚታኘክ ወይም የሚመጠጥ ኒኮቲን ሲሆን፣ ከሲጋራው ጭስ ጋር የሚመጡትን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዛማ ጋዝና ካንሰር አምጪ ኬሚካሎች አያስከትልም። ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ቀኑን ሙሉ ደረጃውን ይጠብቃል፤ ሐራራው ድንገት ሲበረታ ደግሞ ማስቲካው ይደርሳል። ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀም አንዱን ብቻ ከመጠቀም ይበልጣል።

ማስቲካውን እንደ ተራ ማስቲካ ያለማቋረጥ ማኘክ ግን የተለመደ ስህተት ነው። ቀስ ብለው ጥቂት ጊዜ አኝከው ጣዕሙ ሲሰማዎ በጉንጭና በድድ መካከል ያሳርፉት፣ ጣዕሙ ሲጠፋ እንደገና ያኝኩት፤ ኒኮቲኑ የሚገባው በአፍ ቆዳ በኩል ነውና፣ ሲዋጥ ሆድ ከማሳመም በቀር ጥቅሙ ትንሽ ነው። ከማኘክዎ በፊት ባሉት 15 ደቂቃዎች ቡናም ሆነ ጭማቂ አይጠጡ።

ስለ ወጪው፣ የመድኃኒቱን ዋጋ ከጠርሙሱ አውጥተው ይክፈሉ፤ የሲጋራው ገንዘብ ከዚህ የተሻለ ሥራ አይገኝለትም። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ወይም የሦስት ወር ነው፣ ሲጋራው ግን የዕድሜ ልክ ወጪ ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

ካቆምኩ ወዲህ ቡና ስጠጣ ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍም አጣሁ። ለምን?

ይህን ጥቂቶች ብቻ ያውቁታል። በሲጋራ ጭስ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ጉበት ካፌይንን በፍጥነት እንዲያስወግድ ያደርጋሉ። ማጨስ ሲቆም ጉበት ወደ ተፈጥሮ ፍጥነቱ ይመለስና ያው የተለመደው ቡና በደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ ሰውየውም መንቀጥቀጡንና እንቅልፍ ማጣቱን ሁሉ ከሲጋራ ማጣት ያመጣው አድርጎ ያስበዋል። የቡናዎን መጠን በግማሽ ያህል ይቀንሱ። በዚሁ ምክንያት እንደ ክሎዛፒን፣ ኦላንዛፒንና ቴኦፊሊን ያሉ መድኃኒቶች መጠናቸው ሊስተካከል ስለሚገባው፣ እነዚህን የሚወስድ ሰው ማቆሙን ለሐኪሙ ሳይናገር መቅረት የለበትም።

ክብደት እጨምራለሁ?

ምናልባት። በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ ከአራት እስከ አምስት ኪሎ ይጨመራል፣ አንዳንዱ ምንም አይጨምርም። ከማጨስ ጉዳት ጋር የሚወዳደር አይደለም። የማታውን ጥሪ አብሮ እየተራመዱ ማድረግ ለሁለቱም ነገር ይጠቅማል።

አጋሬ አገረሸበት። እኔስ ምን ላድርግ?

በመጀመሪያ የእርስዎን ቀን ይጠብቁ። «እሱ ካጨሰ እኔም» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው በዚያው ሰዓት ነው፤ ስለዚህ በዚያ ምሽት ከእሱ ጋር በአካል ከመገናኘት በስልክ መነጋገር ይሻላል። ቀጥሎ ጥያቄዎ «ለምን?» ሳይሆን «የት ነበርክ? ከማን ጋር? ምን ሰዓት ነበር?» ይሁን። «ለምን?» ወቀሳ ነው፤ «የት?» ግን ለነገ የሚጠቅም መረጃ ያስገኛል። ባልደረባዬ በ19ኛው ቀን አንድ ሲጋራ አጨሰ። ሲነግረኝ ድምፁ ሊወጣ አልቻለም ነበር። የሆነው ከሥራ ቦታችን ጀርባ ባለው ደረጃ ላይ፣ ምሳ ሰዓት ላይ መሆኑን ስናውቅ ከዚያ ቀን ጀምሮ በምሳ ሰዓት በፊት ለፊቱ በር ብቻ መውጣት ጀመርን። በቀኑ ማታ መዋጮውን እጥፍ አስገባ፣ ቆጠራውን ግን ከአንድ አላስጀመርነውም፤ «18 ቀን፣ አንድ ስህተት» ብለን ቀጠልን።

ከአንድ ስህተት በኋላ ወዲያው መመለስ እንጂ ሰኞን ወይም የወሩን መጀመሪያ መጠበቅ አያስፈልግም። ብዙ ሰዎች ለዘለቄታው ከማቆማቸው በፊት ደጋግመው ሞክረዋል።

በቀን አንድ ብቻ ባጨስስ? ገንዘቡም አይጎዳኝም።

ለገንዘቡ አይጎዳዎት ይሆናል፤ ለልብዎ ግን ይጎዳዎታል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የብዙ ጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው፣ በቀን አንድ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በልብ ሕመም ረገድ 20 የሚያጨሰው ሰው ከተሸከመው ተጨማሪ አደጋ ግማሽ ያህሉን ይሸከማል፤ አንድ ሃያኛውን አይደለም። ከዚህም ሌላ፣ «አንዷን ብቻ» ያለ ሰው ወደ ድሮው ቁጥሩ ለመመለስ ሳምንታት አይፈጁበትም።

ብዙ ዓመት አጭሻለሁ። አሁን ማቆም ምን ይጠቅመኛል?

ተመራማሪው ሪቻርድ ዶል እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ የብሪታንያ ሐኪሞችን ለ50 ዓመታት ተከታትለው በ2004 ባወጡት ውጤት፣ ሳያቆሙ የሚያጨሱ ሰዎች ከማያጨሱት በአማካይ አሥር ዓመት ያህል ቀድመው እንደሚሞቱ አሳይተዋል። በ60 ዓመቱ ያቆመ ሦስት ዓመት ያህል፣ በ50 ያቆመ ስድስት፣ በ40 ያቆመ ዘጠኝ፣ በ30 ያቆመ ደግሞ አሥሩንም ዓመታት ሊባል በሚችል ደረጃ መልሶ ያገኛል። ጥቅሙ የሚጀምረው ግን ዓመታት ጠብቆ አይደለም፦ በ20 ደቂቃ ውስጥ የልብ ምት ይቀንሳል፣ በግማሽ ቀን በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ልኩ ይመለሳል፣ በወራት ውስጥ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ይቀንሳሉ፣ በአንድ ዓመት በልብ ሕመም የመያዝ ተጨማሪ አደጋ ወደ ግማሽ ይወርዳል።

የተጠራቀመውን ገንዘብ ምን ላይ እናውለው?

ከማቆሚያው ቀን በፊት ይወስኑና በጠርሙሱ ላይ ይጻፉት፤ ስም ያልተሰጠው ገንዘብ በቀላሉ ይነካል። የመጀመሪያው ግብ በአንድ ወር የሚደረስበት፣ ሁለተኛው በዓመት የሚደረስበት ቢሆን ጥሩ ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ዕዳውን ይክፈልበት፤ ከዚያ የሚበልጥ እፎይታ የለም። እኔ በመጀመሪያው ጠርሙስ ሲጋራው ያበላሸውን ጥርሴን አስታከምኩበት። ባልደረባዬ ለእናቱ መነጽር ገዛ፤ መነጽሩን ያደረጉበትን ፎቶ ሲልክልኝ ከሥሩ የጻፈው የቀኑን ቁጥር ብቻ ነበር፦ 61።

ጠዋትና ማታ መነጋገሩን እስከ መቼ እንቀጥል?

የመጀመሪያውን ወር በየቀኑ፣ እስከ ሦስተኛው ወር በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ከዚያም እስከ ዓመቱ ድረስ በሳምንት አንድ ጊዜ ተነጋገሩ። ከወራት በኋላ የሚመጣ ሐራራ በቁጥር ጥቂት ቢሆንም ያልተጠበቀ ነው፤ ኀዘን፣ ድንገተኛ ደስታ ወይም የድሮ ጓደኛ መምጣት ይቀሰቅሰዋል። ስለዚህ ጥሪው ቢሳሳም የጥሪው ቃል አይሰረዝ። እኔና ባልደረባዬ አሁን የምንጽፋፈው በወር አንድ ጊዜ፣ ባቆምንበት ቀን ላይ ነው፤ «አሁን መጣ» የሚለው መልእክት ከዚያ ውጭ የመጣው ባለፈው ዓመት አንድ ሌሊት ብቻ ነው፣ ያን ሌሊት የደወልኩት እኔ ነበርኩ።